ሃያ ሦስት ቤቶችና አንድ ካፖርት

ሥራዬ ልባሽ ጨርቅ መሸጥ ነው። ኮልፌ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በሩ ላይ ካፖርት፣ ውስጡ ሹራብ የተንጠለጠለበት ሱቅ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር ነው የምንሠራው። እሷ ጥግ ላይ በስፌት መኪናዋ የተቀደደ ትሰፋለች፣ የጎደለ ቁልፍ ትተክላለች፤ የቸኮለ ደንበኛ ከመጣ ልብሱን እንደለበሰ አቁማ ትሰፋለታለች። እኔ ደግሞ እዋሻለሁ። ማለቴ እሸጣለሁ።

ስለ መጽሐፍ የሚያወራ ሰው የት ተማርክ መባሉ አይቀርም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ቦንዳ ነው። ቦንዳ ተጠፍንጎ የሚመጣ የልብስ እስር ነው፤ ሳይከፈት ትገዛዋለህ። ዳር ዳሩን ጥሩ ጥሩ ያደርጉልህና ሆዱን እጅጌ በሌለው ሸሚዝ ይሞሉታል። ስለዚህ ቦንዳ ገዢ በዓይኑ አያምንም። በጎን በኩል ጣቱን ሰዶ ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ የሻጩን ፊት ያያል። የቱርክ ልብ ወለድ ማንበብ ስጀምር የሚያስፈልገኝን ትምህርት ጨርሼ ነበር ማለት ነው።

ያስጀመሩኝ አንድ ደንበኛዬ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሊማሩ ቱርክ ሄደው ሙያውንም ቋንቋውንም ይዘው ተመለሱ። ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ አሳልፈው ጡረታ ወጡ። አሁን ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የቱርክ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ያውም የሚመርጡት እንደ እንቆቅልሽ የተጠላለፈውን፣ አንባቢውን ላብ የሚያስጠምቀውን ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ቀለል ያለ ነገር ቢተረጉሙ?» ብዬ ነበር አንድ ቀን።

«ቀለል ያለውን ቴሌቪዥኑ ተርጉሞ ጨረሰው» አሉኝ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የአንድ ጀልባ ጉዞ ነበር፤ ታሪኩ ከመድረሻው ተነሥቶ ወደ መነሻው ይሄዳል። ሠላሳ ገጽ አንብቤ መለስኩላቸው። «ይሄ ደራሲ ይጠጣል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው። ስቀው፣ «ካፖርት ስትገዛ ውስጡን ገልብጠህ ታይ የለም? ይሄንንም ገልብጠው» አሉኝ። ገለበጥኩት። ከሁሉም ተሳፋሪ አንዱ ብቻ ገና ያልሆነውን ነገር እንደሚያውቅ ስደርስበት ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። ሹራብ ስትለካ የነበረች ሴትዮ ሹራቡን ጥላ ወጣች። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ተራኪው በየጥቂት ገጹ አንድ ውሸት ጣል ያደርጋል፤ ውሸቱን የለየ ብቻ ነው መጨረሻው የሚገባው። እሱን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ውሸት የገዛ መንደሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ልክፍት ሆነብኝ። ሌላው ሰው ለኳስ እንደሚሆነው እኔ ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ለሚመጡበት ፌስታል እሆን ጀመር። ከታክሲ ሲወርዱ ካየኋቸው መጀመሪያ የማየው እጃቸውን ነው።

ሦስተኛውን ያመጡልኝ በዚህ በጋ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ወፍራም የወረቀት ክምር፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው በአግራፍ ተያይዟል።

«አሳታሚ አገኘሁ» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቷል። «ዋናውን መጽሐፍ እዚያ ትቼላቸዋለሁ። ሰኞ ትርጉሙን አስረክባለሁ። እስከዚያ አንተ አንብበው። ነጋዴ ያልሰለቸው ማንንም አይሰለችም።»

መግቢያው ገና ከመጀመሪያው ቃል ያዘኝ። ኢስታንቡል ውስጥ፣ ሃያ ሦስት ቤቶች ባሉበት ጠባብ ዳገት ላይ፣ በበረዶ ጠዋት አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል። ስሙ አይታወቅም። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፤ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ከላይ ያለችው ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍታለች። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ቤት ሰው አንድ አንድ ምዕራፍ ይናገራል። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፦ ካፖርቱን አውቀዋለሁ፣ ሰውየውን አላውቀውም። ካፖርቱ በአንድ ወቅት በሁሉም ቤት አልፏል። ተሸጧል፣ ተሰርቋል፣ ተወርሷል። ሰውየውን ግን ሁሉም ይክዱታል።

እሺ። መግቢያውን ጨርሼ ሳገላብጥ ቀጣዩ ምዕራፍ አናቱ ላይ አሥራ ሁለት ይላል። የሚቀጥለው አምስት። ከዚያ ሃያ። የገጽ ቁጥር ደግሞ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው አርጅተዋል አልኩ በልቤ፤ ወረቀቱ ወድቆባቸው እንደነገሩ ሰብስበውታል። እዚህ ላይ የኔ ሙያ ያላቸው ሰዎች ብቻ የሚሠሩትን ስህተት ሠራሁ። የተደባለቀ ነገር ካየን እጃችን አያርፍም፤ የሕፃን ከሕፃን፣ የሴት ከሴት እንለያለን። ዓርብ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሃያ ሦስቱንም ምዕራፍ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት በቁጥራቸው ደርድሬ፣ በጥሩ የጨርቅ ቁራጭ አስሬ አስቀመጥኩት። ምስጋና ስጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሼ መጡ። ገና ከበሩ፣

«እህሳ፣ እንዴት ነው?» አሉ።

«ኧረ ልዩ ነው ጋሼ! እንደውም አንድ ነገር…»

«አየህ ተንኮሉን? ቁጥሮቹ የምዕራፍ አይደሉም፤ የቤት ቁጥር ናቸው። ደራሲው ቤቶቹን በራሱ ቅደም ተከተል ነው ያናገራቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ሁለት ዓመት አሰብኩ፤ አልደረስኩበትም። ቢሆንም አንዷንም ሳላዛንፍ ጠብቄዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ አሳታሚው ጋ ያለው መጽሐፍ፣ ሌላው አንተ እጅ ያለው ነው።»

እኔ እጅ ያለውን በእግሬ ወደ ሹራቦቹ ሥር ገፋሁት።

ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። «እዚያ አሳታሚው ቤት አንድ ወጣት አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቱርክኛ አያውቅም። ሰኞ ቁጥሮቹን ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ ሊረከበኝ ነው። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹አባባ፣ ወረቀቱ እንዳይዛባብዎት። ከተዛባ ለሌላ ሰው ብንሰጠው ይሻላል።› አባባ! ሁለት ዓመት የሠራሁትን!» ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ጨረስከው?» አሉኝ።

«ትንሽ ቀረኝ።»

«ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ መሆን አለብኝ።»

እንደወጡ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ንገራቸው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ጅል ነኝ በላቸው። አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።»

ነገሩን አሰላሁት። አሳታሚው ሰኞ እስኪነጋ ዝግ ነው። ጋሼም ራሳቸው ያልገባቸውን ቅደም ተከተል ሃያ ሦስቱንም በቃላቸው አይዙትም። ብነግራቸው ሁለት ቀን ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋሉ? እኔ ደግሞ ከመግቢያው ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ አምስት፣ ሃያ እንደነበሩ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ጋሼን ለዚያ ወጣት አሳልፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍተን፣ ምዕራፎቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማን ለማን ሸጠ የሚለውን ልከተል ሞከርኩ። አልሆነም፤ አንዱም ከማን እንዳገኘ በግልጽ አይናገርም። «ከአንድ ሰው ገዛሁት»፣ «በር ላይ አገኘሁት»። ልክ እንደ እኛ ሰፈር።

አምስት ምዕራፍ አንብቤ ስጨርስ ነው አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደረገኝ። አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ቡኒ ነው የሚለው። ሟቹ የለበሰው ግን ጥቁር ነው። ተመልሼ ሃያ ቁጥርን አነሣሁ። የዚያ ቤት ሚስት ለሐዘን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረችው! ብድግ አልኩ። እንግዲያው ቡኒ የሚሉት ሁሉ ከሃያ ቁጥር በፊት፣ ጥቁር የሚሉት ሁሉ በኋላ ናቸው። ክምሩን ለሁለት ከፈልኩት። ከሃያ በፊት የሚወድቁት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ አሥራ ሁለትና አምስት። ልክ እኔ እንዳየሁት!

«ምን ሆነሃል?» አለች ባለቤቴ።

«በእድፉ ነው! በማርጀቱ ነው የተደረደረው! ይሄ ደራሲ ካፖርቱን እያስረጀው ነው!»

ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። ካፖርት እጄ ሲገባ ማን እንደለበሰው፣ በየት በኩል እንደተደገፈ፣ ስንት ክረምት እንዳየ በጣቴ አውቃለሁ። አሁን ያን ጣቴን ወረቀት ላይ ሰደድኩት። አንዱ ቤት ገበሩ ሐር ነው ይላል፤ ሌላው ባለመስመር ጨርቅ ነው ይላል። ሐሩ ይቀድማል፤ ገበር ሲቀየር ወደ ርካሹ እንጂ ወደ ውዱ አይኬድም። አንዱ የግራ ክርኑ ሳስቷል ይላል፣ ሌላው እራፊ ተጥፎበታል። አንዲት አሮጊት ኮሌታው በአንገት በኩል አልተበላም ብላ ትገረማለች። እኔ አልተገረምኩም፤ ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል፣ ስለዚህ የተበላበት ቤት ከእሷ በፊት ነው። ደራሲው ይሄን ሁሉ በጨዋታ መሐል፣ በሐሜት መሐል፣ በወጥ ወሬ መሐል ነው የበተነው። አንዱን በያዝኩ ቁጥር ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል።

አንድ ሰውዬ ገብቶ የተንጠለጠለ ካፖርት እያሳየኝ፣ «ስንት ነው ይሄ?» አለኝ።

«ዛሬ አይሸጥም፣ ነገ ና።»

ባለቤቴ መርፌዋን አስቀመጠች። «ጸበል ልውሰድህ ወይስ ራስህ ትሄዳለህ?»

አሥር ሰዓት ሲሆን ሃያ አንዱን ምዕራፍ ቦታ ቦታቸው አስይዤአለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩኝ፤ ዘጠኝ ቁጥርና አሥራ ስድስት ቁጥር። ጣጣው ደግሞ የመጨረሻው ቤት መልሱ መሆኑ ነው። ካፖርቱ መጨረሻ ላይ የነበረበት ቤት የሟቹ ቤት ነው፤ እያወቁት የካዱት እነዚያ ናቸው።

ዘጠኝ ቁጥር ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከላይ ያለችው ቁልፍ ተበጥሳ ከወለሉ ሥር ገባች፣ አላገኘኋትም፣ ካፖርቱንም ሸጥኩት ይላል። አሥራ ስድስት ቁጥር ልብስ አጣቢ ሴት ናት። ካፖርቱ ለእጥበት መጣ፣ አጥቤ አሰጣሁት፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ሙቅ ካፖርት ነበር፣ ከገመድ ላይ ተሰረቀ ትላለች። እስከ አንገት የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ ሙሉ ነው። ስለዚህ አጣቢዋ ትቀድማለች፣ ጋጋሪው ይከተላል፤ ቁልፍ ይጎድላል እንጂ አይበቅልም። ግን ሟቹ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ነው የተገኘው! በቀይ ክር! ያ ቀይ ክር ከየት መጣ? ሃያ ሦስቱንም እንደገና አነበብኩ። ቀይ ክር የሚል የትም የለም።

ለባለቤቴ ነገርኳት። የቱርክ ድራማ ስንቱን ያየች ሴት ናት።

«ከሁሉም በላይ አጥብቆ የካደው ማን ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም አላውቀውም ነው የሚሉት።»

«ስንት ስንት ጊዜ?»

ቆጠርኩ። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ። አጣቢዋ ሦስት ጊዜ።

«በቃ፣ እሷ ናት» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

«ይሄ እኮ ድራማ አይደለም። ይሄ በማስረጃ ነው።»

ሰኞ በጠዋት ዓለም ባንክ ወረድኩ። ሁለቱን ምዕራፎች በግምት አስቀምጬ ዝም ልል እችል ነበር። ሃምሳ ሃምሳ ዕድል ሸቀጥ ላይ እቀበላለሁ፤ ጋሼ ላይ ግን አልቻልኩም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል። ጋሼ ክራቫት አስረው በር ከፈቱልኝ። እንደቆምኩ ተናዘዝኩ።

ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ ይሄ በምን ተደረደረ?» አሉ በመጨረሻ።

ስለ ቀለሙ፣ ስለ ገበሩ፣ ስለ ኮሌታው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ምዕራፎቹን ያገላብጡ ጀመር፤ «ኧረ! ኧረ!» እያሉ። በእኔ ላይ ሊቆጡ የነበረውን ረሱት።

«አርባ ዓመት ጨርቅ ላይ ሠርቼ!» አሉ። «አየህ፣ እኔ ጨርቅ ሲወለድ ነው የማውቀው። አንተ ሲያረጅ ታውቀዋለህ።»

ሁለቱን ምዕራፎች አሳየኋቸው። «መጨረሻው አሥራ ስድስት ነው» አሉ ወዲያው። «የመጨረሻውን ምዕራፍ ስተረጉም የልብስ ማጠቢያ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ነበር።»

«አይሆንም ጋሼ። ቁልፍ አይበቅልም።»

«ነው አልኩህ!»

«ማስረጃ?»

«አፍንጫዬ!»

ታክሲ ውስጥም ክርክሩ አላቆመም። ረዳቱ ሒሳብ ሲለን ጋሼ፣ «አንተ ፍረደን፣ የጠፋ ቁልፍ ራሱ ይመለሳል?» አሉት። «ካልከፈላችሁ ምንም አይመለስም» አለ። ጋሼ በአፍንጫቸው ጸኑ፤ አሥራ ስድስትን መጨረሻ አድርገው አስቀመጡት። ሥራው የሳቸው ነው።

አሳታሚው ቤት ወጣቱ መጽሐፉን አወጣ። ትሕትና አለው፤ ትሕትናው ግን በሽተኛ ቤት የሚገባ ሰው ትሕትና ነው። «ይቀመጡ አባባ። እኔ ከመጽሐፉ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እርስዎ ከወረቀቱ ይበሉ።»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት» አሉ ጋሼ።

«አምስት።»

«አምስት።»

«ሃያ።»

ከሃያ በኋላ ያለው የኔ ሥራ ነው። ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። ስምንት፤ ስምንት። ሃያ ሁለት፤ ሃያ ሁለት። አንድ ሲጠራና ጋሼ አንድ ብለው ሲመልሱ ከጭብጨባ የታገስኩት በመከራ ነው። ሁሉም ገጠመ። ሃያ አንዱም ገጠመ። ከዚያ ወጣቱ ገጹን ገለጠ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» አሉ ጋሼ፣ እኔን በጎን እያዩ።

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት!»

ወጣቱ መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል፣ «ቆይ!» አልኩ። ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ሥራው አልቋል፣ ጋሼ ድነዋል። ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። «ይሄ ደራሲ ተሳስቷል። ካፖርት ሸጦ አያውቅም። ቁልፉ የት ተገኘ? ቀይ ክሩስ?»

ወጣቱ ማን ነው ይሄ ብሎ አየኝ። ጋሼ ግን መጽሐፉን ስበው የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጡ። በጣታቸው እየተከተሉ በቱርክኛ በሹክሹክታ አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። ወረቀታቸውን አዩ፤ እንደገና መጽሐፉን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዘልያታለሁ» አሉ። «ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራሉ። ዓይኔ አንዷን ዘላ ሌላዋ ላይ አረፈች።»

ወጣቱ ፊት እንዳይሉት ፈርቼ ነበር። አሉት። ከዚያም መስመሯን ቀስ እያሉ በአማርኛ አወጧት፦

«ጥቁር ክር አልነበረኝም፤ በቀይ ሰፋኋት፤ እስክጨርስ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመልኝ።»

ሰውየውን አላውቀውም ብላ ሦስት ጊዜ የማለች ሴት፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሞላት በጎደለው ቦታ ቁልፍ ሰፍታለታለች። ለእጥበት የመጣ ካፖርት አገጭ የለውም። መላ መጽሐፉ፣ ሃያ ሦስቱም ቤት፣ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መስመሯ ደግሞ ወለሌ ላይ ዘርግቼ ካነበብኩት ውስጥ አልነበረችም።

ጋሼ ብዕር ጠየቁ። ቆመው፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት መስመሮች መካከል በጥቃቅን ፊደል ጻፏት። ሲጨርሱ ቀና ብለው ወጣቱን፣ «ወረቀቴ አልተዛባም። አንድ መስመር ግን አጥፍቼ ነበር። ስለዚህ ሳይታተም ሙሉውን ከዋናው ጋር አንዴ እንደገና አስተያየዋለሁ። ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አሉት።

ወጣቱ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እሳቸውን አየ። «ሦስት ይውሰዱ ጋሼ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ «ለመሆኑ ሟቹ የማን ሰው ነበር?» አለኝ።

«ገዝተህ አንብበው» አሉት ጋሼ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዘው ነበር። «ሰማኸው?» አሉኝ። «ጋሼ አለኝ።»

ሱቅ ስመለስ አንድ ቁመታም ደንበኛ ባለቤቴ ፊት ቆሟል።

«እህ፣ የማን ቤት ሆነ?» አለችኝ ሳታየኝ።

«የአሥራ ስድስት።»

«ያቺ ሦስት ጊዜ የካደችው?»

«አዎ።»

«በማስረጃ?»

ደንበኛው ካፖርቱን እንደለበሰ ነው፤ እሷ ከላይ ያለችውን ቁልፍ እየሰፋችለት ነው፤ እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ክሩን አየሁት።

ጥቁር ነው።